በትልቅ የመርከብ ሞተር ኢንጀክሽን አዘግይቶ ኖክስ መቀነስ፦ እስከ የት ያዋጣል?

ሁለተኛ_ማሽን

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ስለ አንድ ዋና ሞተር ነው። ባለሁለት ምት፣ 6 ሲሊንደር፣ 10,000 ኪሎዋት በደቂቃ 105 ዙር። የነዳጅ ፓምፖቹ በካምሻፍት ይነዳሉ፤ ቪአይቲ (ኢንጀክሽኑ የሚጀምርበትን ጊዜ እንደ ጭነቱ የሚያስተካክል ሥርዓት) አለው። በየሲሊንደሩ ሁለት ኢንጀክተር አለ፤ ኖዝሉ የድሮው ዓይነት፣ ሳክ (በጫፉ ነዳጅ የሚቀርበት ባዶ ቦታ) ያለው ነው። ሰርተፊኬቱ ቲየር 1 (የመጀመሪያው የኖክስ ገደብ ደረጃ)፣ የሚያቃጥለው ከባድ ነዳጅ።

የሚፈለገው ኖክሱን (የናይትሮጅን ኦክሳይድ ጋዞችን) መቀነስ ነው። ከ30 በመቶ ጭነት በታች ሲሄድ የሚወጣው ጥቁር ጭስም እንዲቀር ይፈለጋል። ሦስት ነገር ንገሩኝ፦

1. በፓምፑ ሥር ሺም (ቀጭን የብረት ንጣፍ) ጨምሮ ኢንጀክሽኑን 2 ዲግሪ ያህል ማዘግየት በነዳጅ ፍጆታ ምን ያህል ያስከፍላል?
2. ኖዝሉን በስላይድ ቫልቭ (መርፌው ራሳቸውን ቀዳዳዎቹን በሚዘጋ ዓይነት) መቀየር ብቻውን ጭሱን ያጠፋዋል?
3. ነዳጁ ላይ ውኃ መቀላቀል በዚህ ዓይነት ሞተር ይሠራል?

---

ሺም_በሺም

ወንድሜ፣ ነገሩን አታክብደው። ሺም ስትጨምር ባሬሉ (የፓምፑ ሲሊንደር) ከፍ ይላል፣ ፕላንጀሩ (በውስጡ ነዳጁን የሚገፋው ዘንግ) ቀዳዳውን ዘግይቶ ይዘጋል፣ ፒማክስ (በሞተሩ ሲሊንደር ውስጥ የሚደርሰው ከፍተኛ ግፊት) ይወርዳል፣ ኖክሱም አብሮት ይወርዳል። ጭሱ የኖዝል ጣጣ ነው፤ ኖዝል ቀይርና ተገላገል።

---

ፕላንጀርና_ባሬል

የሺም አቅጣጫው ልክ ነው። ዋጋው ግን ሳይነገር ታለፈ፤ ጥያቄው ደግሞ እሱ ነበር።

በናፍጣ ሞተር ውስጥ ከሚፈጠረው ኖክስ አብዛኛው ከነዳጁ የመጣ አይደለም። የአየሩ ናይትሮጅንና ኦክሲጅን በከፍተኛ ሙቀት ሲገናኙ የሚፈጠር ነው፤ የዜልዶቪች ሂደት የሚባለው ይኸው ነው። ከ1,800 ኬልቪን ግድም በላይ ፍጥነቱ እንደ እሳት ይጋልባል፤ ጥቂት ዲግሪ ሙቀት ብዙ ኖክስ ታመጣለች። ከሁሉ የሚብሰው መጀመሪያ የተቃጠለው ነዳጅ ነው። ተቃጥሎ የጋለው ጋዝ፣ ፒስተኑ ገና እየወጣና የቀረው ነዳጅ እየተቃጠለ ስለሆነ፣ እንደገና ይታመቅና ይብስ ይግላል። ኢንጀክሽን ማዘግየት የሚጠቅመው ይህን ዳግም መታመቅ ስለሚያስቀር ነው።

ሁለተኛው ነገር ጊዜ ነው። በ105 ዙር አንድ የክራንክ ዲግሪ 1.6 ሚሊሰከንድ ይፈጃል፤ በ720 ዙር የሚሽከረከር ረዳት ሞተር ላይ ግን 0.23 ብቻ። ዘገምተኛ ሞተር ጋዙን በትኩሱ ረጅም ጊዜ ስለሚያቆየው ኖክሱ በተፈጥሮው ብዙ ነው። ሕጉም ይህን አይቶ ነው ከ130 ዙር በታች ላሉት በቲየር 1 እስከ 17.0 ግራም በኪሎዋት ሰዓት የፈቀደላቸው፤ 720 ዙር ላለው 12.1 ነው።

አሁን ወደ ዋጋው። ለትላልቅ ባለሁለት ምት ሞተሮች የሚያገለግለው ግምት፣ ፒማክስ 1 ባር በወረደ ቁጥር ፍጆታው ከ0.20 እስከ 0.25 ግራም በኪሎዋት ሰዓት ይጨምራል የሚለው ነው። በማዘግየት 10 ባር ካወረድክ ከ2 እስከ 2.5 ግራም ከፈልክ ማለት ነው። ሞተርህ በሙሉ ጉልበት ቀኑን ሙሉ ቢሄድ 240,000 ኪሎዋት ሰዓት ይሰጣል፤ ስለዚህ ተጨማሪው ነዳጅ በቀን ከ480 እስከ 600 ኪሎ ይሆናል። ከባድ ነዳጅ በቶን 3.114 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚያወጣ፣ ኖክስ ስትቀንስ በቀን ከ1.5 እስከ 1.9 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጨመርክ። በሌላው ሚዛን፣ ሞተሩ ልክ ጣሪያው ላይ ነው ብንል በዚያው ቀን የሚወጣው ኖክስ 4 ቶን ያህል ነው፤ አሥር በመቶ መቀነስ 400 ኪሎ ማዳን ነው። ሁለቱን መመዘን የባለቤቱ ፈንታ ነው፤ ግን ሁለቱም ቁጥር ፊቱ ይቅረብለት።

ዋናው የምለው ይህ ነው፦ ዘግይቶ መጀመር ብቻውን መፍትሔ አይደለም፤ ዘግይቶ ጀምሮ በሰዓቱ መጨረስ ነው መፍትሔው። የኢንጀክሽኑ መጨረሻም አብሮ ከተጎተተ የኋለኛው ነዳጅ የሚቃጠለው ፒስተኑ ሲወርድ ነው። ያኔ የጭስ ሙቀት ይጨምራል፣ የጭስ ማውጫ ቫልቩ መቀመጫ ይቃጠላል፣ ጥቀርሻው መቃጠያ ጊዜ አጥቶ እንዳለ ይወጣል። ይህን ለማስቀረት የመርጫ ግፊቱ ከፍ ብሎ የኢንጀክሽኑ ቆይታ ማጠር አለበት፤ የመጨረሻው የመታመቅ ግፊት ቢጨምር ደግሞ ዘግይቶ የጀመረው ነዳጅ ቶሎ ይለኮሳል። ቲየር 2 ሞተሮች የተሠሩት በዚሁ መንገድ ነው፦ ከፍ ያለ የመታመቅ ግፊት፣ ዘግየት ያለ አጀማመር፣ አጭርና ኃይለኛ መርጨት። ሺም ብቻ ስትጨምር ከሦስቱ አንዱን ነው የወሰድከው፤ ያውም ዋጋ የሚያስከፍለውን።

በካምሻፍት ሞተር ላይ ደግሞ ሌላ ችግር አለ። የመርጫ ግፊቱ ከፕላንጀሩ ፍጥነት ጋር የታሰረ ነው። ዙሩ ሲወርድ ፕላንጀሩ ይዘገያል፣ ግፊቱ ይወድቃል፣ ነጠብጣቡ ይተልቃል። በ30 በመቶ ጭነት የምታየው ጭስ ግማሽ ምክንያቱ ይህ ነው። እዚያ ላይ ብታዘገየው ጭሱ ይብሳል እንጂ አይቀንስም።

---

መርፌና_መቀመጫ

ስለ ኖዝሉ ልጨምር።

በተራው ኢንጀክተር መርፌው የሚቀመጠው ከቀዳዳዎቹ በላይ ነው። ከመቀመጫው ሥር እስከ ቀዳዳዎቹ ያለው ባዶ ቦታ፣ ማለትም ሳኩ፣ መርፌው ከተዘጋም በኋላ በነዳጅ እንደተሞላ ይቀራል። የሲሊንደሩ ግፊት ሲወርድ ያ ነዳጅ ግሎና ተነፍቶ ጠብ ጠብ ይላል። አይበተንም፣ በደንብም አይቃጠልም፤ ያልተቃጠለ ሃይድሮካርቦን፣ ጥቀርሻና በጭስ መስመሩ ላይ የሚጋገር ዝቃጭ ይሆናል። ስላይድ ቫልቩ ግን መርፌው ወደ ታች የቀጠለ ሲሊንደራዊ ጫፍ ስላለው ራሳቸውን ቀዳዳዎቹን ይዘጋል። ሳክ የለም ማለት ይቻላል።

ስለዚህ ለጥያቄ 2 መልሱ፦ ከጠብታ የሚመጣውን ጭስ ያጠፋል፣ ከዝቅተኛ ግፊት የሚመጣውን አያጠፋም። ልዩነቱ በዝቅተኛ ጭነት በዓይን ይታያል። የስላይድ ኖዝል የመርጨት አቅጣጫና የቀዳዳ መጠን ዝቅተኛ ኖክስ ታስቦ ስለሚሠራ ኖክሱም ይቀንሳል፤ ግን ይህ የሚሆነው ለዚያው ሞተር ዓይነት የተፈቀደው ክፍል ቁጥር ሲገጠም ነው። ቅርጹ ስለገጠመ ብቻ የሌላ ሞተር ኖዝል ብትሰካ አንዱ ፍሰት የሌላውን ኢንጀክተር ነበልባል ይመታል፣ ወይም የፒስተኑን አናት ይልሳል።

ስላይድ ቫልቭ ቆሻሻ አይወድም። ጫፉና ቤቱ መካከል ያለው ክፍተት ጠባብ ስለሆነ በነዳጁ ውስጥ የሚቀሩት የአሉሚኒየምና የሲሊኮን ቅንጣቶች ይፍቁታል፤ ከዚያ ይጣበቃል ወይም ያፈስሳል። በነዳጅ ደረጃው እስከ 60 ሚሊግራም በኪሎ ይፈቀዳል፤ ወደ ሞተሩ ሲገባ ግን ከ15 መብለጥ የለበትም። ይህን የምታመጣው በሴፓሬተር (ነዳጅ ማጣሪያ ማሽን) ነው፦ ነዳጁን 98 ዲግሪ አካባቢ አሙቀህ፣ ፍሰቱን ቀንሰህ። ሴፓሬተሩ የማይሠራ ከሆነ ስላይድ ቫልቭ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው።

ከከባድ ነዳጅ ወደ ቀላል ናፍጣ ስትቀይር ሙቀቱ በደቂቃ ከ2 ዲግሪ በላይ እንዳይለወጥ። በችኮላ ከተቀየረ ፕላንጀሩና ስላይዱ ይነክሳሉ። በሌላው በኩል፣ ቀላል ናፍጣ ከሞቀ ቪስኮሲቲው (ውፍረቱ) ከ2 ሴንቲስቶክ በታች ወርዶ ፓምፑ ያፈስሳል፤ ሞተሩን ማስነሣት ያቅታል። ለከባድ ነዳጅ ኢንጀክተር መግቢያ ላይ ከ10 እስከ 15 ሴንቲስቶክ ያዝ። ቪስኮሲቲ መቆጣጠሪያው ከተበላሸና ነዳጁ 20 ላይ ከገባ፣ የኖዝል ለውጡ ሁሉ ዋጋ የለውም።

ስለ ሙከራ አንድ ነገር፦ ተራ ኢንጀክተር በእጅ ፓምፕ ሲፈተን በሚሰጠው የመንቀጥቀጥ ድምፅ ይለያል። ስላይዱን በዚያ አትፍረድ፤ የሠሪው መጽሐፍ በሚለው ዘይት የመክፈቻ ግፊቱንና አለማፍሰሱን ብቻ ተመልከት። ቀዳዳዎቹን በመለኪያ ሽቦ ለካ። ከመጀመሪያው ስፋት 10 በመቶ የበለጠ፣ ወይም ክቡ ጠፍቶ እንቁላል የመሰለ ኖዝል ወደ ሞተሩ አይመለስም።

---

ሁለተኛ_ማሽን

እግዜር ይስጥልኝ። በ75 በመቶ ጭነት የተወሰደ ንባብ ልስጣችሁ። አምስቱ ሲሊንደሮች ፒኮምፕ (የመታመቅ ግፊት) 105 ባር፣ ፒማክስ 128 ግድም ናቸው። 4 ቁጥር ግን ፒኮምፕ 104፣ ፒማክስ 119፤ የጭሱ ሙቀት ከሌሎቹ በ25 ዲግሪ ይበልጣል። ቪአይቲው ይንቀሳቀሳል። ሺሙን ከመንካቴ በፊት ይህ መስተካከል አለበት?

---

ፕላንጀርና_ባሬል

አዎ፣ ያለ ጥርጥር። ሲሊንደሮቹ ከአማካያቸው በፒማክስ ከ3 ባር፣ በአማካይ ግፊት ከ0.5 ባር በላይ ከተለያዩ ስለ ኖክስ ማውራት አይቻልም፤ ስለ የትኛው ሲሊንደር እንደምናወራ አናውቅም።

4 ቁጥር ላይ ፒኮምፑ ደህና ነው። ስለዚህ ሪንግ፣ ላይነርና የጭስ ማውጫ ቫልቭ አይደሉም፤ እነሱ ቢሆኑ ሁለቱም ግፊቶች አብረው ይወርዱ ነበር። ችግሩ ነዳጅ ላይ ነው፤ እየተቃጠለ ያለው ዘግይቶ ነው። የፓምፑን ኢንዴክስ (የሚሰጠውን የነዳጅ መጠን የሚያሳየውን ቁጥር) ተመልከት። ከሌሎቹ ከፍ ያለ ኢንዴክስ ይዞ ያንኑ ጉልበት የሚሰጥ ከሆነ ፕላንጀሩ ተበልቶ ያፈስሳል፣ ወይም የመምጠጫ ቫልቩ አይዘጋም። ኢንዴክሱ እኩል ከሆነ ኖዝሎቹን አውጣ፤ የሰፋ ቀዳዳ ግፊቱን ጥሎ መቃጠሉን ያስረዝመዋል። ሁለቱም ንጹሕ ከሆኑ ብቻ የፓምፑን ሊድ፣ ማለትም የታይሚንጉን ልክ፣ ለካ።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ያረጀ ፕላንጀር ሲያይ ሺም አውጥቶ ያስቀድመዋል። ፒማክሱ ይመለሳል፣ በሽታው ይደበቃል። በኋላ አዲስ ፕላንጀር ሲገባ ያ ሲሊንደር 15 ባር ከፍ ብሎ ይነሣል፤ ኖክሱም ከሁሉ በላይ ይሆናል።

ቪአይቲውን ግን አትርሳው። ሥራው ጭነቱ ገና 85 በመቶ አካባቢ ሳለ ፒማክስ ሙሉ ልኩ ላይ እንዲደርስ ኢንጀክሽኑን ማስቀደም ነው፤ ነዳጅ የሚቆጥበውም በዚህ ነው። በኖክስ ፈተና ዑደት ኢ3 ላይ ደግሞ የ75 በመቶ ጭነት ክብደት 0.5 ነው፤ 100 በመቶው 0.2፣ 50ውና 25ቱ 0.15 0.15። ቪአይቲው ኖክስ የሚጨምርበት ቦታ ላይ ነው ሕጉ ግማሹን ውጤት ያስቀመጠው። ስለዚህ አንድ ቦታ መንካት ካለብህ፣ በሁሉም ጭነት ላይ ከሚሠራው ሺም ይልቅ የቪአይቲው መስመር ተመራጭ ነው። በዝቅተኛ ጭነት ያለውን ኢንጀክሽን ሳይነካ መካከሉን ብቻ ያለዝበዋል።

ደግሞ ከሁሉ በፊት የአየር ማቀዝቀዣውን እጠብ፣ ቱርቦቻርጀሩን አጽዳ። ስካቬንጅ አየሩ (ወደ ሲሊንደሩ የሚገባው አየር) በሞቀ ቁጥር የመታመቂያው መነሻ ሙቀት ስለሚጨምር ኖክሱ ይጨምራል፤ አየር ሲያንስ ደግሞ ጭስ ይመጣል። አንድ ቀን በማይሞላ እጥበት የሚገኘውን በሺም አትፈልገው።

---

የቴክኒክ_ፋይል

ማንም ያላነሣው ነገር አለ። ሺም በሺም፣ ምክርህ በወረቀት በኩል አደገኛ ነው።

በማርፖል (የመርከብ ብክለት መከላከያ ዓለም አቀፍ ስምምነት) አባሪ 6 ደንብ 13 ሥር ሰርተፊኬት ያለው እያንዳንዱ ሞተር የቴክኒክ ፋይል አለው። ኖክስ የሚነኩ ክፍሎች በመለያ ቁጥራቸው እዚያ ተጽፈዋል፦ ኖዝል፣ ፕላንጀርና ባሬል፣ የነዳጅ ካም፣ የሲሊንደር ክዳን፣ ፒስተን፣ ቱርቦቻርጀር፣ የአየር ማቀዝቀዣ። የኢንጀክሽን ታይሚንጉ የሚፈቀድበት ክልልም አለ። መርማሪ ሲመጣ ኖክስ አይለካም፤ ኖዝሉ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ከፋይሉ ጋር ያስተያያል፣ ከዚያ የሞተር መለኪያዎች መዝገብን ይገልጣል። በተፈቀደው ክልል ውስጥ ካዘገየህ መዝግበውና ጨርሰሃል። ከክልሉ ከወጣህ፣ ኖክሱ ቢቀንስም እንኳ፣ ሞተሩ ሰርተፊኬቱን አይመስልም። ስላይድ ቫልቭ ስትገጥምም ቁጥሩ በፋይሉ ከሌለ በሠሪው በኩል የፋይል ማሻሻያ አውጥተህ ለክላስ ማኅበሩ (መርከቡን መርምሮ ለሚመድበው ድርጅት) ማስጸደቅ አለብህ። ይህ ከመግጠሙ በፊት የሚሠራ ሥራ ነው።

ለድሮዎቹ ደግሞ የራሳቸው አንቀጽ አለ። ከ1990 እስከ 1999 በተሠሩ መርከቦች ላይ ያሉ፣ ከ5,000 ኪሎዋት በላይና በሲሊንደር 90 ሊትርና ከዚያ በላይ የሆኑ ሞተሮች፣ የጸደቀ ዘዴ ከተገኘላቸው ወደ ቲየር 1 እንዲወርዱ ይገደዳሉ። ዘዴው ጉልበት ከ1 በመቶ በላይ እንዳይቀንስ፣ ፍጆታ ከ2 በመቶ በላይ እንዳይጨምር ተብሎ ተገድቧል። ለብዙዎቹ የተገኘው ዘዴ ኖዝል መቀየር መሆኑ አይገርምም።

በራስህ መሣሪያ ኖክስ ለመለካት ካሰብክ፣ የኦክሲጅን ንባብ የሌለው የፒፒኤም ቁጥር ዋጋ ቢስ ነው። የናሙና ቱቦውም ይሙቅ። በቀዘቀዘ ቱቦ ውስጥ ውኃ ሲጠራቀም ናይትሮጅን ዳይኦክሳይዱ ይሟሟበትና ንባቡ ካለው በታች ያሳይሃል።

---

ሺም_በሺም

ስለ ፋይሉ ተቀብያለሁ። ግን የካምሻፍት ሞተር ይህን ያህል መላወሻ ከሌለው ኤሌክትሮኒኮቹስ ምን አላቸው? ለዚህ ሰውዬ የሚሆን ነገር አለ?

---

መርፌና_መቀመጫ

ለእሱ ሞተር የለም፤ ለማወቅ ያህል ግን እነሆ።

በኮመን ሬይል (ነዳጁ በአንድ የጋራ ቱቦ በግፊት በሚጠብቅበት ሥርዓት) ግፊቱ ከዙሩ ተፈትቷል። በሱልዘር አርቲ ፍሌክስ ላይ ነዳጁ እስከ 1,000 ባር በሬይሉ ውስጥ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል፤ ሞተሩ ቢዘገይም ግፊቱ አለ። ዓይነቱን መጀመሪያ ይዛ የወጣችው በ2001 ሥራ የጀመረችው ጂፕሰም ሴንቴኒያል የተባለችው መርከብ ነበረች። ከሁሉ የሚያስቀናው እያንዳንዱ ኢንጀክተር ለብቻው መታዘዙ ነው። በዝቅተኛ ጭነት በየሲሊንደሩ ካሉት ሦስቱ አንዱ ወይም ሁለቱ ብቻ ይረጫሉ፤ ያው ጥቂት ነዳጅ በጥቂት ቀዳዳ ሲያልፍ በደንብ ይበተናል፣ ጭሱ ከዓይን ይጠፋል። አንዱ ጎን ብቻ እንዳይግል ተራ ይቀያየራሉ። በማን ኤምኢ ሞተሮች ደግሞ ሬይል የለም፤ በየሲሊንደሩ ያለ የነዳጅ ማጎልበቻ በሃይድሮሊክ ዘይት ይገፋል፣ አገፋፉንም ኮምፒውተር ይቀርጸዋል። መጀመሪያ ላይ ለስላሳ፣ በኋላ ኃይለኛ፣ ወይም ሁለት ጊዜ ተከፍሎ። ፕላንጀርና_ባሬል ያለው «ዘግይቶ ጀምሮ በሰዓቱ መጨረስ» በነፃነት የሚሠራው እነዚህ ላይ ነው።

---

ፕላንጀርና_ባሬል

ጥያቄ 3 ሳይመለስ ቀረ። ውኃ ይሠራል። ግምቱ ቀላል ነው፦ ከነዳጁ 1 በመቶ ውኃ ወደ 1 በመቶ የኖክስ ቅናሽ ያመጣል። ውኃው ሲተን ነበልባሉን ያቀዘቅዛል፤ ነጠብጣቡንም ከውስጥ ስለሚያፈነዳው ጥቀርሻው ይቀንሳል።

ከዚያ ጣጣው ይመጣል። ሞተርህ በኪሎዋት ሰዓት 180 ግራም ቢበላ በቀን 43 ቶን ነዳጅ ነው፤ 20 በመቶ ውኃ ማለት በየቀኑ 8.6 ቶን ጨው የሌለበት ውኃ። የመርከቡ ኢቫፖሬተር (ከባሕር ውኃ ንጹሕ ውኃ የሚያወጣው መሣሪያ) ይችለዋል? ፓምፑም ያንኑ ጉልበት ለመስጠት የበለጠ መጠን መግፋት ስላለበት በሙሉ ጭነት ኢንዴክሱ ጣሪያ ይነካል። ድብልቁ ከነዳጁ ይልቅ ስለሚወፍር ሙቀቱ ይጨመራል፤ ውኃ ደግሞ በ170 ዲግሪ እንዳይፈላ ቢያንስ 8 ባር ፍጹም ግፊት ይፈልጋል። የነዳጅ ዝውውሩ ግፊት ከዚህ በደንብ ካልበለጠ በፓምፑ መግቢያ እንፋሎት ይፈጠርና ፕላንጀሩን ይቦረቡረዋል። ሞተሩን ከማቆምህ በፊትም ውኃውን ዘግተህ በንጹሕ ነዳጅ መስመሩ እስኪታጠብ አስኪደው፤ አለዚያ በኢንጀክተሩ ውስጥ ውኃ ቆሞ ዝገት ይጀምራል።

ቲየር 3 ካሰብክ ግን ከዚህ ሁሉ አንዱም አያደርስህም። ከ130 ዙር በታች ላለ ሞተር ጣሪያው 3.4 ግራም ነው፤ ከቲየር 1 አምስት እጥፍ ያነሰ። እዚያ የሚደረሰው በኤስሲአር (ጭሱን በካታሊስት በማከም) ወይም በኢጂአር (ከጭሱ ከፊሉን ወደ ሲሊንደሩ በመመለስ) ነው።

ለአንተ ሞተር ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ ማቀዝቀዣና ቱርቦቻርጀር ማጠብ፣ 4 ቁጥርን ማከም፣ ቪስኮሲቲውንና ሴፓሬተሩን ማረጋገጥ፣ ፋይሉን አሻሽሎ ስላይድ ቫልቭ መግጠም፣ አዲስ ካርድ (የሲሊንደር ግፊት ንባብ) ማንሣት። ሺሙ ከዚያ በኋላ የሚያስፈልግ ከሆነ ቁጥሩን ይዘህ ተመለስ።

---

ሁለተኛ_ማሽን

የ4 ቁጥር ኢንዴክስ ከሌሎቹ በ4 ይበልጣል። ፕላንጀሩ ነው ማለት ነው?

---

ፕላንጀርና_ባሬል

ከመፍታትህ በፊት የመምጠጫ ቫልቩን ፈትሽ፤ ለመፍታት የሚቀለው እሱ ነው። እሱ ደህና ከሆነ ፕላንጀሩን ከነባሬሉ ቀይር፤ ሁለቱ ተጣምረው የተሠሩ ናቸውና አንዱን ብቻ አትቀይር። የአዲሱን መለያ ቁጥር በሞተር መለኪያዎች መዝገብ ላይ በዚያው ቀን ጻፍ።